የብርሃን ክር ወደ ቤታችን ሲገባ

በዚህ ዓምድ ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰሙት የመሐንዲሶች ብቻ ይመስላል። ጥቂት ካሰቡበት በኋላ ግን የቤተሰብም የመሥሪያ ቤትም ጉዳይ ሆኖ ይገኛል። ይኸውም ኢንተርኔትን ወደ መኖሪያ ቤት የሚያመጣው የመስታወት ክር በምን ዓይነት ዕቅድ ቢዘረጋ ይሻላል የሚለው ጥያቄ ነው። ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ በመንግሥት ሥራ ላይ ያላችሁ ስለ ሆነ፣ አንድ ቀን እንዲህ ያለ ዕቅድ ለፊርማ በጠረጴዛችሁ ላይ ሊቀርብ ይችላል። በቤታችሁም ቢሆን ሠራተኛው መሰርሰሪያውን ይዞ በር ሲያንኳኳ «በየት በኩል ላስገባው?» ብሎ የሚጠይቀው እናንተን ነው።

ወደ ነገሩ ከመግባታችን አስቀድሞ እኛ ራሳችን የሠራነውን ስሕተት እንናዘዝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በምንኖርበት የጋራ ሕንፃ የነዋሪዎች ስብሰባ ተደርጎ፣ ክሩን ወደየቤቱ ስለ ማስገባት ሁለት ዕቅዶች ቀረቡልን። በመጀመሪያው ዕቅድ ክሩ በግድግዳው ላይ ተጣብቆና በልስን ተሸፍኖ በቀጥታ ወደየቤቱ ይወጣል። በሁለተኛው ግን ከምድር ቤት እስከ ላይኛው ፎቅ ቱቦ ተዘርግቶ ክሩ በቱቦው ውስጥ ያልፋል፤ ለእያንዳንዱም ቤት አንድ መጠባበቂያ ክር ይጨመራል። ሁለተኛው ዕቅድ ዋጋው ከፍ ያለ ነበር። ዕድሜያቸውን በስልክ መሥመር ሥራ የጨረሱ አንድ ጡረተኛ ጎረቤታችን ከመቀመጫቸው ተነሥተው፤ «ልጆቼ፤ ክር ቢያስፈልጋችሁ ነገ ትገዛላችሁ። ግድግዳችሁን ግን ሁለት ጊዜ አታፍርሱ» አሉን። እኛም ሰማናቸው፤ አከበርናቸውም፤ ነገር ግን እጃችንን ያወጣነው ለርካሹ ዕቅድ ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን በመጨረሻ እንነግራችኋለን።

አሁን ስለ ዕቃው ምንነት እንናገር። በተለምዶ ፋይበር ኦፕቲክ እየተባለ የሚጠራው እጅግ ከጠራ መስታወት የተሳበ ክር ነው። የመስታወቱ ውፍረት 125 ማይክሮሜትር፣ ማለት የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ስምንተኛ ሲሆን፣ ብርሃኑ የሚጓዝበት የውስጠኛው ክፍል 9 ማይክሮሜትር ያህል ብቻ ነው። በአንደኛው ጫፍ ያለው ሌዘር በአንድ ሰኮንድ ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠር ጊዜ ብልጭ ድርግም ሲል፣ በሌላው ጫፍ ያለው መሣሪያ ያንን ብልጭታ ወደ ጽሑፍ፣ ወደ ድምፅና ወደ ሥዕል ይመልሰዋል።

በ1966 ዓ.ም. (ዓመቶቹን ሁሉ የምንጽፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) በእንግሊዝ አገር ይሠሩ የነበሩት ቻርልስ ካኦና ጆርጅ ሆክሃም፣ መስታወቱ ከእድፍ ቢጠራ ብርሃን ረጅም መንገድ ሊጓዝበት እንደሚችል በጽሑፍ አስረዱ። በዚያን ጊዜ የተመኙት ከአንድ ኪሎ ሜትር ጉዞ በኋላ ከመቶው እጅ አንዱ እንኳ እንዲተርፍ ነበር። በ1970 ዓ.ም. በአሜሪካ የኮርኒንግ ኩባንያ ተመራማሪዎች ይህን ግብ አለፉት። ዛሬ በሚሠራው ክር ከአንድ ኪሎ ሜትር በኋላ ከመቶው እጅ 95 ያህሉ ሊተርፍ ይችላል። ካኦም በ2009 ዓ.ም. የኖቤልን የፊዚክስ ሽልማት ተቀበሉ።

እንግዲህ ክሩ ይህን ያህል ድንቅ ሥራ ሆኖ ሳለ፣ ውዱ ነገር ክሩ አይደለም። ውዱ ክሩ የሚተኛበት ቦይ ነው። መንገድ ለመቆፈር፣ ቱቦ ለመቅበር፣ አስፋልቱንና የእግረኛውን መንገድ መልሶ ለመጠገን የሚወጣው ገንዘብ ከጠቅላላው ወጪ ትልቁን ድርሻ ይወስዳል። ለአንድ ክር የሚቆፈረውና ለመቶ ክር የሚቆፈረው ቦይ ደግሞ ያው አንድ ነው። ከዚህም በላይ በክሩ በሁለቱ ጫፍ የሚቀመጡት የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች በአሥር ዓመት ገደማ ያረጁና በሌላ ይለወጣሉ፤ በደንብ የተቀበረ ክር ግን ብዙ አሥርት ዓመታት ያገለግላል። አንባቢያችን እነዚህን ሁለት ነገሮች በልቡ ከያዘ፣ የቀረውን የመሐንዲሶች ክርክር ለመከተል አይቸገርም።

የመጀመሪያው ምርጫ ክሩ የት ድረስ ይምጣ የሚለው ነው። አንዳንድ ዐቃጆች ክሩን እስከ ሰፈሩ አምጥተው በመንገድ ዳር በሚቆም ሳጥን ላይ ያቆሙትና፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ ለአሮጌው የመዳብ የስልክ ሽቦ ይተዉታል። ይህ ዕቅድ የየቤቱን ደጃፍ ከመቆፈር ስለሚያድን ፈጥኖ ያልቃል፤ የመጀመሪያ ወጪውም ያነሰ ነው። ነገር ግን መዳብ መንገዱ በረዘመ ቁጥር ይደክማል። ከሳጥኑ ጥቂት መቶ ሜትር ርቆ ያለ ቤት በሰኮንድ 100 ሜጋቢት ያህል ሊያገኝ ሲችል፣ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ የራቀው ከግማሽ በታች ያገኛል። በመንገድ ዳር ያለው ሳጥንም ኤሌክትሪክና ባትሪ ይፈልጋል።

በዚህ ረገድ የአውስትራሊያ ታሪክ ትልቅ ትምህርት ይሰጣል። የአገሪቱ መንግሥት በ2009 ዓ.ም. አብዛኛውን ቤት በመስታወት ክር ለማዳረስ ታላቅ ዕቅድ አወጣ። በ2013 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ፣ አዲሱ መንግሥት ሥራው እንዲፋጠንና ወጪው እንዲቀንስ ብሎ በብዙ ሰፈር ክሩ በመንገድ ዳር እንዲቆምና ቀሪው በመዳቡ እንዲሠራ ወሰነ። ይህ ምክንያት የሌለው ውሳኔ አልነበረም፤ ብዙ ቤቶች በዚያ መንገድ ኢንተርኔትን አግኝተዋል። ነገር ግን በ2020 ዓ.ም. ሥራውን የያዘው የመንግሥት ድርጅት የ4.5 ቢሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር የማሻሻያ ዕቅድ አወጣ፤ ከዚህም ዋናው ክፍል በመዳብ ላይ የቀሩትን ብዙ ቤቶች በክር ወደሚያገለግል መሥመር ለማሸጋገር የታሰበ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው። ዛሬ የተረፈው ገንዘብ ነገ ከነወለዱ ተመልሶ ይጠየቃል።

ሁለተኛው ምርጫ ከመጀመሪያው ይልቅ የረቀቀ ነው። ክሩ እስከ ቤቱ ድረስ ይምጣ ብለን ከወሰንን በኋላ፣ እያንዳንዱ ቤት የራሱ ክር ይኑረው ወይስ ብዙ ቤቶች አንዱን ክር ይካፈሉ? ለማስረዳት እንዲመች አንደኛውን የኮከብ ዕቅድ፣ ሁለተኛውን የዛፍ ዕቅድ ብለን እንጥራቸው። በኮከብ ዕቅድ ከስልክ ማዕከሉ ተነሥቶ ወደ እያንዳንዱ ቤት አንድ አንድ ክር ይሄዳል። በዛፍ ዕቅድ ግን ከማዕከሉ የሚነሣው ግንድ አንድ ክር ነው፤ በሰፈሩ ውስጥ መክፈያ በሚባል ትንሽ ዕቃ ገብቶ ለ32 ወይም ለ64 ቤት ቅርንጫፍ ያወጣል። መክፈያው ብርሃኑን የሚያካፍል መስታወት ብቻ ስለ ሆነ ኤሌክትሪክ አይፈልግም።

በዛፍ ዕቅድ ከማዕከሉ የሚወጣው ብርሃን ለሁሉም ቤት እኩል ይደርሳል። ነገሩ በገበያ መካከል ቆሞ እንደሚናገር አዋጅ ነጋሪ ነው፤ ድምፁን ሁሉም ይሰማዋል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ቤት ያለው መሣሪያ በራሱ ስም የመጣውን ብቻ ይቀበላል። የጎረቤትን መልእክት ሌላው እንዳያነበው በምስጢር ጽሕፈት ይሸፈናል። ከቤት ወደ ማዕከል ለመላክ ደግሞ ቤቶቹ ወረፋ ይይዛሉ፤ ወረፋውም በሚሊዮንኛ ሰኮንድ የሚለካ ስለ ሆነ የቤቱ ሰው አያውቀውም። ጂፖን በሚባለውና በ2003 ዓ.ም. ዓለም አቀፍ ደረጃ በወጣለት አሠራር፣ አንዱ ግንድ ወደ ቤቶች በሰኮንድ 2.5 ጊጋቢት ያህል ይሰጣል። ሠላሳ ሁለቱም ቤቶች ባንድ ቅጽበት ሙሉ ድርሻቸውን ቢጠይቁ ለእያንዳንዳቸው የሚደርሳቸው 78 ሜጋቢት ገደማ ነው። ሁሉም ባንድ ቅጽበት ሙሉውን የሚጠይቁበት ጊዜ ግን እምብዛም አያጋጥምምና፣ ብዙ ጊዜ ማንም ሳይጎዳ ያልፋል።

ይሁን እንጂ ብርሃንም እንደ እንጀራ ነው፤ በቆረሱት ቁጥር ያንሳል። መሐንዲሶች የብርሃንን መቀነስ በዴሲቤል ይለካሉ፤ 3 ዴሲቤል ሲቀነስ ግማሹ ሄደ ማለት ነው። በጂፖን ከተለመዱት ደረጃዎች በአንደኛው ብርሃኑ በመንገድ ላይ ሊያጣ የሚፈቀድለት 28 ዴሲቤል ነው። ለ32 ቤት መክፈል ብቻ 17 ያህሉን ይበላል። የ20 ኪሎ ሜትር መንገድ 7 ያህል ይወስዳል። የሚተርፈው 4 ዴሲቤል ለመጋጠሚያዎችና ለመሰኪያዎች ነው። ለ64 ቤት እንክፈለው ካልን ደግሞ ሌላ 3 ዴሲቤል ከግማሽ ስለሚሄድ፣ መንገዱን ማሳጠር ግድ ይሆናል። እንግዲህ ዐቃጁ ብዙ ቤት ወይም ረጅም መንገድ ከሁለት አንዱን ይመርጣል እንጂ ሁለቱን በሙሉ አያገኝም።

ሚዛናዊ ለመሆን የሁለቱንም ወገን ክርክር እንስማ። የዛፍ ዕቅድ ደጋፊ እንዲህ ይላል፤ «በማዕከሉ ውስጥ በአንድ ሌዘር 32 ቤት አገለግላለሁ፤ አንተ ግን 32 ሌዘር፣ ከዚያም ጋር የሚመጣውን ቦታና ኤሌክትሪክ ትፈልጋለህ። ፍጥነት ቢያንሰኝም ሁለቱን ጫፍ ብቻ እለውጣለሁ።» ይህም እውነት ነው፤ በ2016 ዓ.ም. ደረጃው የወጣለት በሰኮንድ 10 ጊጋቢት የሚሰጠው አዲስ አሠራር ከአሮጌው የተለየ የብርሃን ቀለም ስለሚጠቀም፣ ሁለቱ በአንድ ክር ውስጥ ሳይጋጩ አብረው ይሠራሉ። የኮከብ ዕቅድ ደጋፊ ደግሞ እንዲህ ብሎ ይመልሳል፤ «በእኔ ዕቅድ የአንዱ ቤት መሣሪያ ቢበላሽና ያለ ወረፋው ሳያቋርጥ ቢያበራ የሚጎዳው እሱ ብቻ ነው፤ በአንተ ግን የዛፉ ቤቶች ሁሉ ሊታወኩ ይችላሉ። ከዚህም ይልቅ አንድ ቤተሰብ ኩባንያ መለወጥ ቢፈልግ፣ የራሱን ክር በማዕከሉ ውስጥ ነቅሎ በሌላ መሣሪያ ላይ መሰካት ይበቃዋል።»

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ቀላል መስሎ አይታያችሁ፤ በስዊትዘርላንድ አገር በሕግ ፊት የቀረበ ጉዳይ ነው። በዚያ አገር ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የመገናኛ ኩባንያዎችና የከተማ የኤሌክትሪክ ድርጅቶች ባንድነት ተቀምጠው ከተወያዩ በኋላ፣ በብዙ ከተማዎች ለእያንዳንዱ ቤት አራት አራት ክር እንዲገባ ተደረገ። አራት ክር ለአንድ ቤት ማባከን ነው የሚል ሰው ነበረ ቢባል አያስደንቅም። ነገር ግን አንዱ ኩባንያ በአንደኛው ክር፣ ሌላው በሁለተኛው ሊሠራ ስለሚችል፣ ነዋሪው የመምረጥ ነጻነት አገኘ።

ከዚያም በ2020 ዓ.ም. የአገሪቱ ትልቁ የመገናኛ ኩባንያ ስዊስኮም አዲስ የሚዘረጋውን መሥመር ወደ ዛፍ ዕቅድ ለወጠ። ሌሎች ኩባንያዎች ከማዕከሉ ጀምሮ እስከ ቤቱ የሚደርስ የራሳቸውን ክር መከራየት አልቻሉም፤ የስዊስኮምን ያለቀለት አገልግሎት ገዝተው መሸጥ ብቻ ቀረላቸው። ኢኒት ሴቨን የተባለ አነስተኛ ኩባንያ ለውድድር ኮሚሽን አቤቱታ አቀረበ። ኮሚሽኑም በታኅሣሥ 2020 ዓ.ም. ሥራውን የሚያግድ ጊዜያዊ ትእዛዝ ሰጠ፤ በ2021 ዓ.ም. ፍርድ ቤት ትእዛዙን አጸናው። ይኸው ትንሽ ኩባንያ በዚያው ዓመት የኮከብ ዕቅድ ባለበት ሰፈር ለመኖሪያ ቤቶች በሰኮንድ 25 ጊጋቢት የሚሰጥ አገልግሎት ጀመረ። በ2022 ዓ.ም. ስዊስኮም ወደ ኮከብ ዕቅድ እንደሚመለስ አስታወቀ። በሚያዝያ 2024 ዓ.ም. የውድድር ኮሚሽኑ በኩባንያው ላይ 18 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ ያህል ቅጣት በየነ፤ ኩባንያው ግን የቀረበበትን ክስ አልተቀበለም። ክርክሩ በቀጠለባቸው ዓመታት ክሩ እስከ ደጃፋቸው ደርሶ ሳለ ሳይጠቀሙበት የቆዩ ብዙ ቤተሰቦች ነበሩ። ለዚህ ሁሉ ምክንያት የሆነው በማዕከሉና በሰፈሩ መካከል ባለው ቱቦ ውስጥ ስንት ክር ይለፍ የሚለው ጥያቄ ነበር።

ታዲያ ሁልጊዜ ኮከብ ይሻላል ማለታችን ነውን? አይደለም። ቤቶቹ ተበታትነው በሚገኙበት ገጠር፣ ለአንድ ጎጆ ብቻ ከ15 ኪሎ ሜትር ርቀት የራሱን ክር እንሳብ ማለት ለሌላው መንደር ሊደርስ የሚችለውን ማስቀረት ሊሆን ይችላል። እዚያ ዛፉ ተገቢ ነው። ክሩንም በምድር ውስጥ ከመቅበር ይልቅ በምሰሶ ላይ መስቀል ይቀላል፤ ምንም እንኳ ነፋስ፣ የዛፍ ቅርንጫፍና ከፍ ያለ ጭነት የያዘ መኪና ቢበጥሱት፣ የተበጠሰበት ቦታ በዓይን ይታያል፤ በመሰላል ወጥቶም ይጠገናል። በከተማ ግን መካከለኛ መንገድ አለ። ክሩን በኮከብ ዕቅድ ቀብሮ መክፈያዎቹን በሰፈር ሳይሆን በማዕከሉ ውስጥ ማኖር ይቻላል። እንዲህ ከሆነ ዛሬ በአንድ ሌዘር 32 ቤት እየተገለገለ ወጪ ይቆጠባል፤ ነገ አንዱ ቤት የራሱን መሥመር ቢፈልግ መንገድ ሳይቆፈር ክሩን ከመክፈያው ነቅሎ ለብቻው መሰካት ይበቃል።

ከቤት ውስጥም ጥቂት ነገር ማወቅ ይገባል። በመጀመሪያ፣ ክሩን በማዕዘን ላይ አጥፎ ማስተላለፍ አይገባም። ለቤት ውስጥ የሚሠራው ዓይነት በ7.5 ሚሊ ሜትር ጥምዝ ሊታጠፍ ሲችል፣ ተራው ዓይነት 30 ሚሊ ሜትር ይፈልጋል፤ ከዚያ በላይ ከታጠፈ ብርሃኑ ወደ ውጭ ይፈስሳል። ሁለተኛ፣ ሌዘሩ የሚልከው ብርሃን በዓይን የማይታይ ስለ ሆነ ልጆች የተነቀለውን ጫፍ አስጠግተው እንዳያዩ አስጠንቅቁ። ሦስተኛ፣ የመዳቡ ስልክ ኤሌክትሪኩን ከማዕከሉ ያገኝ ስለ ነበረ መብራት ሲጠፋም ይሠራ ነበር። መስታወት ግን ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። በቤት ውስጥ በሽተኛ ወይም ሽማግሌ ያላችሁ፣ ሣጥኑን የሚያቆይ ትንሽ ባትሪ ብታዘጋጁ መልካም ነው።

አሁን ወደ ሕንፃችን እንመለስ። በሦስተኛው ዓመት በልስን ውስጥ የተቀበረው ክር በሁለተኛውና በሦስተኛው ፎቅ መካከል ተበጠሰ። አንድ ሰው ሥዕል ለመስቀል ሚስማር መትቶ ነበር ተባለ፤ ማን እንደ ሆነ ግን አልጠየቅንም፤ ምክንያቱም ሚስማሩን የመታው ማንም ይሁን ማን፣ ክሩን ያለ ቱቦ እንዲቀበር የፈረድነው ሁላችን ነበርን። በሦስተኛው ፎቅ የሚኖሩት እመቤት የሦስት ነጋዴዎችን ሒሳብ በቤታቸው ተቀምጠው እየሠሩ ሁለት ልጆች ያሳድጉ ነበር። ግድግዳው ፈርሶ፣ አዲስ ክር ተስቦ፣ ልስኑ እስኪመለስ ድረስ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሥራቸውን በዘመድ ቤት እየተመላለሱ ሠሩ፤ ከደንበኞቻቸውም አንዱ መታገሥ አቅቶት ሌላ ሒሳብ ሠራተኛ ያዘ። እንደገና ገንዘብ ስናዋጣ ያወጣነው በመጀመሪያ አተረፍን ካልነው በልጦ ተገኘ። የእመቤቲቱን ደንበኛ ግን በመዋጮ ልንመልሰው አልቻልንም።

ጡረተኛው ጎረቤታችን ሠራተኞቹ ሲያፈርሱ ወንበራቸውን በደረጃው አጠገብ አድርገው ይመለከቱ ነበር። «አባባ፤ ነግረውን ነበር» ብንላቸው፣ «የነገርኳችሁን ተዉትና ቱቦውን ሰፋ አድርጉት» ብቻ ብለው ዝም አሉ። ቱቦውም ሰፋ ተደርጎ ገባ። ግማሹ እስከ ዛሬ ባዶ ነው፤ ማንም ግን ማባከን ነው ሲል አልሰማንም።

መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነው እንደ ተባለው፣ የመመጠኛው ጊዜ ቦዩ ከመቆፈሩ በፊት ነው። ስለዚህ በመሥሪያ ቤት ሆናችሁ እንዲህ ያለ ዕቅድ ሲቀርብላችሁ፣ ከጠቅላላው ዋጋ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ «ከዚህ ውስጥ በኋላ ሊለወጥ የሚችለው የትኛው ነው? የማይለወጠውስ?» ሊለወጥ በሚችለው ላይ ቆጥቡ። መሣሪያው ርካሽ ቢሆን በአሥር ዓመት ውስጥ በሚሻል ይተካል። ቦዩ፣ ቱቦውና የክሩ ቁጥር ግን ዛሬ የማናውቃቸው ሰዎች የሚኖሩባቸው ናቸው፤ በእነሱ ላይ ስስት አይገባም።